ጃንጥላ የሌለበት ዝናብ

ሟቹ የተገኘው በጠመዝማዛው የብረት ደረጃ ሥር፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ጠዋት ክፍሉን ልታጸዳ የገባችው ሴት መጀመሪያ እንቅልፍ የጣለው መስሏት «ወንድሜ፣ ተነስ እንጂ፣ ወለል ላይ ምን ያስተኛሃል?» አለችው። ቀረብ ብላ ስታየው መጥረጊያዋን ጥላ እየጮኸች ወጣች።

ክፍሉ ስቱዲዮ ይባላል እንጂ ሙቀቱ የዳቦ ቤት ነው። ከላይ ቆጥ ላይ የሥራ ጠረጴዛና ሌት ተቀን የሚያጉረመርሙ ኮምፒውተሮች አሉ። ከታች ነጭ መጋረጃ፣ አንድ ወንበርና ሦስት የፎቶ መብራቶች ቆመዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ያ ጠባብ ደረጃ ነው።

መርማሪዋ ጉልበታቸውን እየደገፉ ገቡ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «እሜቴ ለምን» ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን «እሜቴ» ብለው ቀሪውን ይውጡታል። ጡረታቸው ደርሷል፣ ደረጃ አይወዱም፣ የሚጣደፍ ሰው ደግሞ ከደረጃም በላይ ያስጠላቸዋል። እድላቸው ሆኖ አብሯቸው የሚሠራው ሳጅን ራሰ በራ፣ ደግ፣ ግን ሁልጊዜ የሚጣደፍ ሰው ነው።

«እሜቴ፣ ብዙ አይድከሙ» አላቸው። «ተንሸራቶ ነው የወደቀው።»

«ማን ነገረህ?»

«ደረጃው።»

እሜቴ ጎንበስ ብለው ከሟቹ ጭንቅላት ኋላ ያለውን ቁስል አዩ። «ደረጃህ ይዋሻል። የሱ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፣ ቁስሉ ግን እንደ ሳህን አፍ የጎበጠ ነው።» ከዚያ ወደ መብራቶቹ ዞሩ። እያንዳንዱ መብራት ከባድ ክብ የብረት መቆሚያ አለው። ሁለቱ መቆሚያዎች አቧራ ለብሰዋል፤ ሦስተኛው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። «አንዱን ብቻ ለምን ወለወሉት?»

ሳጅኑ ራሱን ዳበሰ። ተንሸራቶ የወደቀ ሰው ተነስቶ መብራት እንደማይወለውል ለመረዳት ችኮላው አልከለከለውም።

ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት ሲጠየቅ ትከሻውን ሰበቀ። «እዚህ ሙቀት ውስጥ ያደረ ሬሳ በወጉ አይቀዘቅዝም። ከትናንት ቀትር በኋላ እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ሞቷል። ከዚያ በላይ ብናገር ውሸት ነው።»

«ሰዓቱንስ ማሽኑ ይነግረናል» አለ ሳጅኑ።

ሟቹ ቪዲዮ ሠሪ ነበር። ካሜራ ተሸክሞ ከሰው ኋላ የሚሮጥ ዓይነት ግን አይደለም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሚሠራው። የሚፈልገውን ትዕይንት በጽሑፍ ያዛል፣ ማሽኑ አጭር ቪዲዮ አድርጎ ያመጣለታል፣ ካልወደደው ይጥለዋል፣ ከወደደው ከሌላው ጋር ይሰፋዋል። ሰሞኑን የያዘው የአንዲት ስመ ጥር ዘፋኝ አዲስ ዘፈን ክሊፕ ነበር። አንዲት ሴት በዝናብ ውስጥ፣ ባዶ ጎዳና ላይ፣ ብቻዋን ትሄዳለች።

«ትናንት እስኪመሽ ድረስ ትእዛዝ ሲልክ ነበር» ሲል ቀጠለ ሳጅኑ። «ስለዚህ እስኪመሽ በሕይወት ነበር ማለት ነው። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ዘፋኟ፣ ባሏ፣ ሙዚቃውን ያቀናበረው ሰውዬና የዘፋኟ ታላቅ እህት። ሲመሽ ሦስቱ ልምምድ አዳራሽ ውስጥ፣ በሰው ፊት ነበሩ። እህትየው ግን ቤቴ ነበርኩ ትላለች፣ ያያት የለም። ነገሩ አለቀ።»

«ለምን ትገድለዋለች?»

«እሱን ከታሰረች በኋላ ትነግረናለች። አለቃ ቆርጠዋል። ከሥራ መውጫ በፊት ሌላ ሰው ካልተገኘ እሷ ትገባለች።»

«ትእዛዞቹ ከየትኛው መሣሪያ እንደተላኩ ጠይቀሃል?»

«ለኩባንያው ጽፈናል። መልሱ ሳምንትም ይፈጅ ይሆናል።»

እሜቴ ሟቹን አንዴ አዩት። ወጣት ነው፣ የሸሚዙ እጅጌ እንደ ሠራተኛ ሰው እስከ ክንዱ ተጠቅልሏል። አሳዘናቸው፤ ከሐዘኑ በላይ ግን የተናደዱት አንዲት ሴት በአንድ ማሽን ምስክርነት ልትታሰር በመሆኑ ነው። «ሳምንት የለንም» አሉ።

የዘፋኟ ሳሎን ግድግዳ በራሷ ፎቶ ተሸፍኗል። በሁሉም ላይ አፏን ከፍታ ትዘፍናለች፤ ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ግን አፏን እንደ ገጠመች ናት። በሁለቱም ስም የሚናገረው ሥራ አስኪያጇም የሆነው ባሏ ነው። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ንግግሩም እንዲሁ።

«ጉንፋን ይዟታል፣ ባያስቸግሯት። የሚጠይቁትን እኔ እመልሳለሁ።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበራችሁ?»

«እዚሁ፣ አብረን። ልምምድ እስኪደርስ ከቤት አልወጣንም። አይደል?»

ዘፋኟ ጣቶቿን እያየች በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«ምን እንዴት አለው? ማሽኑ ይሠራል፣ እሱ ሻይ ይጠጣል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ፊቷ ይታይ። ሰው የሚወደው ፊቷን ነው።»

«እርስዎ ማሽኑን ሞክረውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ባለሙያ ቀጥሬ ለምን እደክማለሁ? የመግቢያውን ቃል ለአራታችንም ሰጥቶናል፤ ስልኬ ላይ ከፍቼ የተሠራውን አያለሁ፣ እዘጋለሁ። አለቀ።»

ስልኩ ጮኸ። ይቅርታ ጠይቆ ወደ በረንዳው ወጣና የመስታወቱን በር ከኋላው ዘጋ። እሜቴ ወዲያው ወደ ሴቲቱ ጠጋ አሉ።

«አንቺስ ልጄ? ከሱ ጋር ትቀመጪ ነበር?»

የወጣው ድምፅ ሻካራና የተቆራረጠ ነው፤ ጉንፋን እንዲህ አያደርግም። «በየቀኑ። ማሽኑ መልኬን እንዳይስት ከዚህም ከዚያም ፎቶ ያነሳኝ ነበር።» ፈገግ አለች። «አንድ ቀን 'ወፍራም አታድርጋት ብለህ ጻፍበት' አልኩት። ሳቀና ጻፈው። በርሜል አድርጎኝ መጣ! 'ይሄ ማሽን አታድርግ የሚሉት ነገር አይገባውም፣ ያነሳሽለትን ሁሉ ይዞ ይመጣል' አለኝ። እትዬ በሳቅ ልትሞት ነበር።»

እትዬ የምትላት ታላቅ እህቷን ነው። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ፈገግታዋ ጠፋ፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። «እትዬ ትንኝ እንኳ አትገድልም» አለች።

«እንግዲያስ ማን ገደለው?»

የበረንዳው በር ተከፈተ። ዘፋኟ አፏን መልሳ ገጠመች።

ስቱዲዮው ውስጥ ሬሳው ተነስቷል፤ ሙቀቱ ግን እንዳለ ነው። ሳጅኑ እሜቴን ደግፎ ቆጡ ላይ አወጣቸውና የሟቹን ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሳያቸው ጀመር።

የሟቹ ትእዛዞች ሁሉ ያለውን የሚናገሩ ናቸው። «ባዶ ጎዳና። ከባድ ዝናብ። ሴቲቱ ውሃ የሚወርድበትን ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ።» የወደደው ሥራ ላይ ኮከብ አድርጎበታል፤ ያልወደደውን ወዲያው ወደ መጣያው ልኮታል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ከራሱ አምጥቶ በሴቲቱ ራስ ላይ አንድ ጥቁር ጃንጥላ ዘረጋ። ፊቷ ጃንጥላው ሥር ተሸፈነ። ከዚያ በኋላ ረዥም ዝምታ ይከተላል። ሲመሽ አካባቢ ትእዛዞቹ እንደገና ይጀምራሉ።

ሳጅኑ አነበበላቸው። «ጃንጥላ አይኑር።»

በተሠራው ቪዲዮ ላይ ጃንጥላዎቹ ሁለት ሆነዋል።

«ጃንጥላ አይኑር አልኩ!»

አሁን ባዶ የነበረው ጎዳና ላይ ሰዎች ብቅ ብለዋል፣ እያንዳንዱም ጃንጥላ ይዟል።

«አንድም ጃንጥላ እንዳላይ!»

ጎዳናው ከዳር እስከ ዳር በጥቁር ጃንጥላ ተሞላ። ሴቲቱ ከነጭራሹ የለችም። ሳጅኑ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ግን የቆመበት ቦታ ትዝ ብሎት አፈረ።

እሜቴ አልሳቁም። «ለምን አልጣላቸውም?»

«ምኑን?»

«እነዚህን። ሌላውን መጥፎ ሥራ ሁሉ ወዲያው ነው የሚጥለው። እነዚህ ግን እንደመጡ አሉ፤ ኮከብም የለ፣ መጣያም የለ።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉት። «ደግሞስ ያ 'አልኩ!' የሚለው ቁጣ የማን ነው? ይሄ ልጅ ማሽኑን ሲቆጣ አላየሁም።»

ሳጅኑ ሌላ ነገር ከፈተ፤ የዘፈኑ ድምፅ ነው። ማሽኑ የሴቲቱን ከንፈር ከዘፈኑ ጋር እንዲያንቀሳቅስ ድምፁ ከሙዚቃው ተነጥሎ ለብቻው ይሰጠዋል። ሟቹ ነጥሎት ነበር። እሜቴ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

ድምፁ ሰፊና ጥርት ያለ ነው። በሁለት ስንኞች መሀል፣ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ሸፍነውት በኖሩት ክፍተት ውስጥ፣ ከማይክ ራቅ ብላ የቆመች ሌላ ሴት በሻካራ ድምፅ እንዲህ ትላለች፦ «እትዬ፣ እሱን መስመር እስቲ ደግመሽ በይው።»

እሜቴ መልሰው አዳመጡት፤ ከዚያ ማዳመጫውን ለሳጅኑ ሰጡት። ዓይኑ ፈጠጠ።

«ይሄማ… ይሄማ የዘፋኟ ድምፅ ነው!»

«አዎ፣ የምታወራው እሷ ናት። የምትዘፍነው ግን እህቷ ናት።»

ታላቅ እህትየው ጣቢያው ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ለእስር የምትሄድ ሳይሆን አውቶቡስ የምትጠብቅ ትመስላለች። እሜቴ ከፊት ለፊቷ ተቀምጠው ምንም ሳይጠይቁ ያንን ድምፅ አሰሟት። ያ ሻካራ ቃል ሲደርስ ሴቲቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏት።

«ጉሮሮዋን ከታከመች ወዲህ። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉልኝ፣ ድምፅዋን ግን…» አልጨረሰችውም። «መድረክ ላይ አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። እኔ፣ እሷ፣ ባሏና አቀናባሪው ነን የምናውቀው።»

«ሟቹም አወቀ።»

«ድምፁን ሲነጥለው ሰማው። ትናንት ቀትር ላይ ጎራ ስል ጠብቆ አፋጠጠኝ። 'እህት ዓለም፣ ቢያንስ ስምሽ ከክሊፑ መጨረሻ ላይ ይጻፍ' አለኝ። ለመንኩት። ተው፣ እህቴን ታፈርሳታለህ አልኩት። 'ለሚመለከተው ዛሬውኑ እነግራለሁ፣ በስውር ምንም አላደርግም' አለ። ቅን ልጅ ነበር።»

«የሚመለከተው ማን ነው?»

ሴቲቱ «እሱን ተዉኝ» ብላ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«ልጄ፣ ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት አንቺን ሊያስሩሽ ነው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ለምን ትደብቂኛለሽ ታዲያ?»

«ከተናገርኩ ሁሉም ነገር አደባባይ ይወጣል። እኔን ማን ያውቀኛል? ብገባ የሚፈልገኝ የለም። እሷ ግን ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ከወደቀች አትነሳም።»

እሜቴ በሥራ ዘመናቸው ብዙ ውሸታም አይተዋል፤ በራሱ ላይ እንዲህ የሚፈርድ ግን ብዙ አልገጠማቸውም። ተናደዱም፣ አዘኑም። ጥያቄያቸውንም ለወጡ።

«ማሽኑ የማትፈልጊውን ጃንጥላ ቢያመጣብሽ ምን ብለሽ ትጽፊ ነበር?»

ሴቲቱ ጥያቄው ግር አላት፤ ግን ሳታስብ መለሰች። «ጃንጥላውን አላነሳበትም። ዝናቡ ፀጉሯን እያራሰው ብዬ እጽፋለሁ።»

እሜቴ ተነሱ። በሩ ላይ የቆመውን ሳጅን «አለቃህን አንድ ነገር ለምንልኝ» አሉት። «አራቱም ስቱዲዮው ይሰብሰቡልኝ።»

ከዚያ በፊት ግን አቀናባሪው ቀርቷል። ሙያተኛው ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል፤ በሕንፃው ማዶ የሚንቋቋ ቧንቧ እንኳ በየትኛው ኖታ እንደሆነ ይናገራል አሉ። በኪቦርዱና በሽቦዎቹ መሀል ተቀምጦ አገኙት።

«እነዚያን ማሽኖች በእጄም አልነካ!» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ነገ እኛንም ይተኩናል። የመግቢያ ቃል ሰጥቶኝ ነበር፤ አንድ ቀን ክሊፑን አየሁበት፣ ደግሜ አልከፈትኩትም።»

«የማን ድምፅ እንደቀዳህ አውቄያለሁ።»

የአቀናባሪው ፊት ዓመድ መሰለ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት። ይሄ ከወጣ ማንም ሥራ አይሰጠኝም።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላስ?»

«እዚሁ ብቻዬን ነበርኩ። ማንም አላየኝም፣ ምን ልበልዎት? ልምምዱ ላይ ግን ይጠይቁ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቀርቶብን በግራ እጄ የሱን፣ በቀኝ የራሴን ስጫወት አመሸሁ። አፍንጫዬን እንኳ ለማከክ አልቻልኩም።»

«ዘፋኟስ?»

«መድረክ ላይ፣ ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ።»

«ባሏስ?»

«ኋላ ወንበር ላይ፣ እንደ ወትሮው ከስልኩ ጋር ተጋብቶ።»

ሳጅኑ ለባንዱ አባላት በየተራ ደወለ። ሁሉም ያንኑ አሉ፤ አንዱማ የአቀናባሪው ግራ እጅ ሲደክም ምን ያህል እንደሳቁበት ሳይጠየቅ ተረከለት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ስቱዲዮው ታች፣ ነጩ መጋረጃ ፊት ተሰበሰቡ። አለቃው እጃቸውን አጣምረው በሩ አጠገብ ቆሙ። ታላቅ እህትየው ከአንዲት ፖሊስ ጎን ናት፤ ዘፋኟ ሮጣ ልታቅፋት ስትል ባሏ ክንዷን ያዘ።

እሜቴ ለአራቱም ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አደሉ። ከዚያ በግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል እንዲበራ አደረጉ፤ አንድ ውሻ የተኛበት ጎዳና ነው።

«ይሄን ውሻ አልፈለግነውም እንበል። ማሽኑ ሥዕሉን ያለ እሱ እንዲሠራ ምን ብላችሁ ታዛላችሁ? ጻፉልኝ።»

«ይሄ ምን ቀልድ ነው?» አለ ባልየው። «ሰው ሞቷል፣ እኛ ስለ ውሻ እንጽፋለን?»

«አሮጊት ስትጃጃል ችለው ይለፏት» አሉት እሜቴ በትሕትና።

ጻፉ። እሜቴ ወረቀቶቹን ሰብስበው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ታላቅ እህት፦ 'ባዶ ጎዳና፣ ከዳር እስከ ዳር ድንጋዩ ብቻ የሚታይ።' ዘፋኟ፦ 'ጭር ያለ ባዶ መንገድ።' አቀናባሪው፦ 'ውሻውን አጥፋ።'» የመጨረሻውን ቀና አድርገው ለሁሉም አሳዩ። «ሥራ አስኪያጁ፦ 'ውሻ አይኑር።'»

ከዚያ አራቱን ወረቀቶች ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን ደረደሩ።

«ይሄ ማሽን 'አይኑር' አይገባውም» ሲሉ ጀመሩ። «ውሻ ካልከው ውሻ ነው የሚያመጣው። ሟቹ ይሄን ያውቃል። አብረውት የተቀመጡት ሁለቱ እህትማማቾችም ያውቃሉ፤ ተስቆበታልም። ትናንት ሲመሽ የተላኩት ትእዛዞች ግን 'ጃንጥላ አይኑር' ነው የሚሉት፣ ያውም በቁጣ፣ ጃንጥላው እየበዛ ሲሄድም እየደጋገሙ። ስለዚህ የላካቸው ሟቹ አይደለም። ከተላኩም በኋላ ሥራዎቹን የጣለ የለም፣ ምክንያቱም የሚጥላቸው ሰው በዚያን ሰዓት እዚህ ወለል ላይ ተደፍቶ ነበር።»

አለቃው ክንዳቸውን ፈቱ።

«የሞተው ከሰዓት በኋላ ነው። ትእዛዞቹን ሌላ ሰው በስልክ ላከ፣ ልጁ እስኪመሽ ድረስ በሕይወት እንደነበረ እንድናምን። እንዲህ የሚያደርግ ሲመሽ በሰው ፊት የሚታይ ሰው ነው። ታላቅ እህትየው ሲመሽ ብቻዋን ነበረች፤ ራሷን የሚያስጠረጥር ሰዓት ለምን ትፈጥራለች? እንዴት እንደሚታዘዝስ መች ጠፋት? ዘፋኟም ታውቃለች፣ በዚያ ላይ ማይክ በሁለት እጇ ይዛ መድረክ ላይ ነበረች። አቀናባሪው አያውቅም፤ 'አጥፋ' ብሎ ጽፏል። ግን ሁለት እጁ ኪቦርድ ላይ እንደነበረ ባንዱ በሙሉ ይመሰክራል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። እስካሁን አንቱ ይሉት ወደነበረው ሰው ዞሩ።

«ማሽኑን የማያውቅ፣ እጁ ነፃ የነበረ፣ ስልክ የያዘ አንድ ሰው ይቀራል። ፊቷን የሸፈነው ጃንጥላም ከሁሉ በላይ የሚያናድደው እሱን ነው። አንተ ነህ።»

ባልየው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረበትም። «ውሻ አይኑር ብዬ ስለጻፍኩ ነፍሰ ገዳይ ሆንኩ? ከሰዓት በኋላ በሙሉ ቤቴ ነበርኩ። ሚስቴ ምስክሬ ናት።»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉት እሜቴ። ወደ ዘፋኟ ሄደው ፊቷ ቆሙ። «የቀረኝ ያንቺ ቃል ነው ልጄ። ቤት ነበረ ካልሽ፣ እኔ እዚህ ያልኩት ሁሉ ወሬ ይሆናል። እህትሽም ዛሬ ትገባለች።»

«ንገሪያቸው» አላት ባሏ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስቢበት። እኔ ከገባሁ ሁሉም ነገር ይወጣል። ነገ ያ ሁሉ ሕዝብ ማን እንደሆንሽ ያውቃል። አልቆልሻል።»

«እህቴ፣ ዝም በይ» አለች ታላቅየው ከማዶ። «አንዳች ነገር እንዳትናገሪ። እኔን ይውሰዱኝ።»

ዘፋኟ እህቷን አየች። ከዚያ ክንዷን ከባሏ እጅ አላቅቃ ወደ መጋረጃው ፊት ወጣች፣ ብዙ ቀን ፎቶ ወደ ተነሳችበት ቦታ፤ ማንም ሳያዛት መዝፈን ጀመረች።

የዘፈኑን የመጀመሪያ ስንኝ ነው። ድምፅዋ ሻከረ፣ ወደ ላይ ሊወጣ ሞከረ፣ መሀል ላይ ተሰበረ፣ ቀሪውን በትንፋሽ ብቻ ጨረሰችው። አቀናባሪው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አለቃው ምን እየሰሙ እንደሆነ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ድምፄ ይኸው ነው» አለች። «እናንተ ስትሰሙት የኖራችሁት የእትዬ ነው። እሱ ትናንት ቤት አልነበረም። ምሳ ሳይጨርስ ስልክ ተደውሎለት ወጣ፤ ሲመለስ ሸሚዙን ቀይሮ ነው ወደ ልምምድ የሄድነው። አብረን ነበርን በይ አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ለመጠየቅ ፈርቼ።»

«ስሟን እጽፋለሁ አለኝ!» ጮኸ ባልየው። «አዲሱ ውል ሊፈረም ሲል! ስንት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ መስመር ሊያፈርሰው! ተው አልኩት፣ ለመንኩት፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ደረጃው ሄደ። ምን ላድርግ?»

ሳጅኑ እጁን ወደ ኋላ አዙሮ አሰረው፣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ገፋ እያደረገም ይዞት ወጣ።

ሁለቱ እህትማማቾች መጋረጃው ፊት ተቃቅፈው ቀሩ። ዘፋኟ «እትዬ፣ ይቅር በይኝ፣ ባልናገር ኖሮ ታስረሽ ልታድሪ ነበር…» እያለች ስትንሰቀሰቅ ታላቅየው በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ትጠርጋለች። «ይበቃል የኔ እናት፣ አትናገሪ፣ ጉሮሮሽን ያምሻል» ትላታለች። እሜቴ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ አዩዋቸው። ዛሬ የሚጠይቁት «ለምን» አልነበራቸውም።

ሳጅኑ ተመልሶ መጣ። ታላቅ እህትየውን ለመልቀቅ ቃሏን መመዝገብ አለበትና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ዕድሜዋን ጠየቃት፣ ነገረችው። አድራሻዋን ጠየቃት፣ ነገረችው።

«ሥራ?» አላት።

ሴቲቱ አፏን ከፍታ ወደ እህቷ ዞረች። ሳጅኑ እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ።

«ዘፋኝ» አለች ታናሽየው በዚያ በተሰበረ ድምፅዋ። «ዘፋኝ ብለህ ጻፍ።»

ሳጅኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጣደፍ ጻፈው።